መንጋውን የሚመራው ማን ነው? ስለ እንስሳት የጋራ ጉዞ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የዝንጀሮ መንጋ ሲያልፍ ካየን ግዙፉን ወንድ «መሪያቸው እሱ ነው» እንላለን። በእርግጥ መንገዱን የሚወስነው ጉልበተኛው ነው?

መልስ፦ አይደለም። በኬንያ ምፓላ የምርምር ማዕከል በ25 አኑቢስ ዝንጀሮዎች አንገት ላይ ጂፒኤስ (ያሉበትን ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ) ታስሮ የእያንዳንዱ እርምጃ በየሰከንዱ ተመዝግቦ ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አንዱ ተነሥቶ ሲሄድ ሌሎቹ የሚከተሉት የበላይነቱን ዐይተው ሳይሆን፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄዱ ሌሎች መኖራቸውን ዐይተው ነው። ሁለት ወገኖች በተቀራረበ አቅጣጫ ቢለያዩ ተከታዮቹ መካከለኛውን መንገድ ይይዛሉ፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ግን አንዱን ይመርጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ብዙ ወዳለበት ያደላሉ። ጉልበተኛው ምግብ መቀማት ይችላል፤ መንጋውን ወዳሻው መውሰድ ግን አይችልም።

ጥያቄ፦ በአዋሽና በድሬዳዋ አካባቢ ያለው የቆላ ዝንጀሮስ? ወንዱ ሴቶቹን እየነከሰ ሲነዳ በዓይኔ ዐይቻለሁ።

መልስ፦ ያዩት ትክክል ነው፤ ሐማድሪያስ የሚባለው ይህ ዝንጀሮ ከቤተሰቡ የራቀችውን ሴት አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። የሚያስደንቀኝ ግን ይኸው አስገዳጅ ወንድ ከሌሎች ወንዶች ጋር ሲሆን የሚያሳየው ትዕግሥት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኤረር አካባቢ ባደረገው ጥናት እንደገለጸው፣ ብዙ ጊዜ ጉዞ የሚጀምረው ወጣቱ ወንድ ሲሆን የሚያጸድቀው ወይም የሚያስቀረው ሽማግሌው ነው። እኔም አንድ ማለዳ አዋሽ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ተመልክቻለሁ። አንድ ወጣት ወንድ ሁለት ሴቶቹን አስከትሎ ጥቂት ከወረደ በኋላ ተቀመጠ፤ የሚከተለው ስላጣ ተመለሰ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋገመው። በሌላው ጠርዝም ሌሎች እንዲሁ ይሞክሩ ስለነበር፣ መንጋው እንደሚለጠጥ ሊጥ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየወጣ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ጎፈሩ የነጣ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ወደ ኋላው ሳይመለከት ቁልቁል ሲያመራ፣ ገደሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ሆነ።

ጥያቄ፦ ንብ አናቢ ነኝ። ዛፍ ላይ ካረፈ መንጋ አውራዋን ይዤ ቀፎ ውስጥ ካስገባሁ ሌሎቹ ይከተላሉ። ታዲያ መሪዋ እሷ አይደለችም?

መልስ፦ የሚከተሏት ያለ እሷ መቀጠል ስለማይችሉ ነው፤ በበረራ ላይ እንኳ ብትጠፋባቸው ተመልሰው ይፈልጓታል። ማደሪያውን የሚመርጡት ግን ቃኚዎቹ፣ ማለትም በዕድሜ የበሰሉት ቀሳሚዎች ናቸው። የንብ ተመራማሪዎቹ በጀርመን ማርቲን ሊንዳወር፣ ከእሱ በኋላም በአሜሪካ ቶማስ ሲሊ እንዳሳዩት፣ ቃኚዋ ለማደሪያ ባገኘችው ጉድጓድ ጥራት ልክ ሰውነቷን ደጋግማ በመወዝወዝ ትናገራለች፤ የሰማችውም ሄዳ በራሷ ሳትመረምር አትደግፍም። በአንዱ ቦታ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቃኚዎች በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ምርጫው ያበቃል፤ ተመልሰው በልዩ ድምፅ መንጋውን ለበረራ ያሟሙቁታል። ከአሥር ሺህ ንቦች መንገዱን የሚያውቁት ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ከመንጋው በላይ በፍጥነት እየተወነጨፉ አቅጣጫውን ያሳያሉ። ስለዚህ ባዶ ቀፎዎ አፍ ላይ እግራቸው የአበባ ዱቄት ያልያዘ ንቦች ሲገቡና ሲወጡ፣ ግድግዳውንም ሲመረምሩ ካዩ፣ እባክዎ ቀፎውን አያንቀሳቅሱ፤ እየመረጡት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በ2012 ዓ.ም. ሰብላችንን ያወደመው አንበጣስ መሪ አለው?

መልስ፦ የለውም። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን በየፊናው ይንከራተታል፤ ሲበዛና ሲጨናነቅ ግን ድንገት በአንድ አቅጣጫ መትመም ይጀምራል። ከሚያተሙትም ምክንያቶች አንዱ ከኋላው ያለው ስለሚነክሰው ነው። መሪ ተለይቶ የሚመታበት መንገድ ስለሌለ፣ መከላከሉ ክንፍ ሳያወጣና ሳይበዛ መጀመር አለበት።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ዕድሜና ልምድ ዋጋ የላቸውም?

መልስ፦ በዝሆን ዘንድ ትልቅ ዋጋ አላቸው። በኬንያ አምቦሴሊ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደታተመው፣ በዕድሜ የገፋች እናት የምትመራው ቤተሰብ የወዳጅንና የባዕድን ዝሆን ድምፅ አጥርቶ ይለያል፤ በከንቱ አይደናገጥም፣ ጥጃም በተሻለ ሁኔታ ያሳድጋል። የሚያሳዝነው ግን ጥርስ እያደር ስለሚረዝም፣ አዳኞች አስቀድመው የሚያነጣጥሩት በዕድሜ በገፉት ላይ መሆኑ ነው።