በግ ጠባቂው ውሻ ዶሮ ሲፈጅ

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከቡሬ ዙሪያ ነው። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን ትልቅ ዘር ነው የተባለ ቡችላ አምጥተን ለበጎቻችን ጠባቂ እንዲሆነን አሳደግነው። አሁን ጥጃ አክሏል፤ ጅብና ቀበሮም ደጃችንን ረስተውታል። ነገር ግን ከአጨዳው ወዲህ ጠባዩ ተበላሽቶ ዶሮዎቻችንን ይፈጃል፤ ገድሏቸው እንኳ በቅጡ አይበላቸውም። ቀን ቀን ብናስረውም ለውጥ የለም። ትንሹን ልጄንም ሁለት ጊዜ ገፍትሮ ጥሎታል። ባለቤቴ ‹ወይ እሱ ወይ ዶሮዎቼ› ብላለች። አብዶ ይሆን? ምን ይሻለናል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድሜ ስለ እብደቱ ያለዎትን ሥጋት ላቅልልዎ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ቀን ሳይሞላው ይሞታል፤ የእርስዎ ውሻ ግን ከአጨዳው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ሌሊትም በጎቹን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ዶሮ መፍጀቱ ከዚህ በሽታ የመጣ አይደለም። ርኃብ ነው እንዳልልዎም፣ የገደላትን ዶሮ በቅጡ እንደማይበላት ራስዎ ጽፈዋል።

እንደ እኔ ግምት ውሻዎ እየተጫወተ ነው። ሲመጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ከነበረ ዛሬ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፤ ቁመቱ የትልቅ ውሻ ቢሆንም ጠባዩ ገና የጎረምሳ ነው። በመንጋ ጥበቃ ስማቸው የታወቀው የቱርኩ ካንጋልም ሆነ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ካሉት የፒሬኒስ ተራሮች የተገኘው ነጭ ውሻ ከቡችላነታቸው ጀምሮ ከበጎች ጋር ቢያድጉም፣ ሁለት ዓመት እስኪጠጋቸው ድረስ ብቻቸውን ከትንንሽ እንስሳት ጋር አይታመኑም። በግ ውሻ ሲጠጋው ቆሞ ያየዋል ወይም በግንባሩ ይመታዋል፤ ዶሮ ግን እየጮኸችና ክንፏን እያራገበች ትሮጣለች፤ ለወጣት ውሻ ከዚህ የበለጠ የጨዋታ ግብዣ የለም። የሚቀጥለዋን የሞተች ዶሮ አንሥተው ይመልከቷት። የጀርባና የጅራት ላባዋ ተነቅሎ፣ ገላዋ በለሃጭ ርሶ፣ ቆዳዋ ግን ብዙም ሳይቀደድ ካገኟት የጨዋታ ሥራ ነው። አንገቷ ወይም ጭንቅላቷ ተበልቶ ካደረች ግን ጥፋቱ የሽለምጥማጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሻውን በከንቱ እንዳይወነጅሉት።

ለምን ከአጨዳው ወዲህ ጀመረ? ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ሲውል ግቢው ለውሻውና ለዶሮዎቹ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጥፋቱን ስታዩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አሰራችሁት። ደብዳቤዎ ዶሮዎቹ የሚሞቱበትን ሰዓት አይናገርም፤ ነገር ግን አሁን የሚሞቱት አመሻሽ ላይ፣ ውሻው ከማሰሪያው በሚፈታበትና ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው በሚሰበሰቡበት ሰዓት እንደሚሆን እገምታለሁ። ሲንቆራጠጥ የዋለ ትልቅ ውሻ ልክ በዚያ ሰዓት ሲለቀቅ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ሩጫ የዶሮዎቹን ነው።

በዚህ ላይ በየመንደሩ የማየው፣ ምናልባትም በእርስዎ ቤት የሚደረግ አንድ ልማድ አለ። ውሻ የገደላት ዶሮ በክት ስለሆነች ማንም አይቀምሳትም፤ ስለዚህ አንሥተን ለዚያው ለገዳዩ ውሻ እንጥልለታለን። ጠዋት ሲገድል ደብድበነው፣ ከሰዓት በኋላ የገደላትን በሰሐኑ ስናቀርብለት ውሻው ምን እንዲማር ፈልገን ነው? በጨዋታ የጀመረው ይህን ጊዜ የዶሮን ሥጋ ጣዕም ይለምድና ጨዋታው ወደ አደን ይዞራል። የሞተችው ዶሮ ፈንግል ይዟት የነበረች እንደሆነም፣ ውሻው በድኑን እየጎተተ በሽታውን ከደጅ ደጅ ያዳርሰዋል። የሞተች ዶሮ፣ ማንም ይግደላት ማን፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር። በድኗን በውሻው አንገት ላይ አስሮ ማንገላታትም ከሕመም በቀር የሚያስተምረው ነገር የለምና ይተውት።

መፍትሔው የሚጠይቅዎ ስድስት ወይም ሰባት ክንድ ገመድ፣ ጥቂት ቁራሽ እንጀራና ትዕግሥት ነው። ሥራውን ባለቤትዎ ቢይዙት እመርጣለሁ፤ ዶሮዎቹ የእሳቸው እንደሆኑ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ፤ ውሻውም ዶሮዎቹ የማን እንደሆኑ ከሚመግባቸው ሰው ቢማር ይሻላል። ጉልበቱ ካስቸገራቸው ገመዱን እርስዎ ይያዙ፤ ቃሉንና ቁራሹን ግን እሳቸው ይስጡ። ጠዋትና ማታ ለዶሮዎቹ እህል በሚበተንበት ሰዓት፣ ውሻው አስቀድሞ ጥቂት ከተራመደና ጉልበቱ ከበረደ በኋላ፣ ገመዱን በማይጠብቅ ቋጠሮ አንገቱ ላይ አስረው ከዶሮዎቹ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ያስተኙት። ከዚያ ዐይንዎ ከውሻው ፊት አይነሣ። ጆሮው ወደ ፊት ሲቆም፣ ጅራቱ ሲደርቅና ዐይኑ በአንዲት ዶሮ ላይ ሲተከል፣ ለመሮጥ እንደተነሣ ይወቁ። ከተነሣ በኋላ መጮኽ ዋጋ የለውም፤ ገና ሲያፈጥ ነው ዝቅ ባለ ድምፅ «ተው» ብለው ገመዱን በአጭሩ ሳብ የሚያደርጉት። ፊቱን ከዶሮዎቹ ወደ እናንተ ባዞረ ቅጽበት ቁራሹን ይስጡት። መምታት አያስፈልግም፤ የሚመታ ውሻ የሚማረው ሰው በሌለበት ማጥፋትን ነው።

በአንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ይበቃል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳያፈጥ ከተኛ ጥቂት እርምጃ ያቅርቡት፤ እህሉን እየለቀሙ በአጠገቡ ሲያልፉ ዝም ብሎ ማየት ሲጀምር ደግሞ ገመዱን ከእጅዎ ለቀው መሬት ለመሬት እየጎተተ ግቢው ውስጥ እንዲዘዋወር ይፍቀዱለት፤ ቢያባርር ገመዱን ረግጠው ያቆሙታል። ትምህርቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመካከሉ ሰው ሳያየው አንዲት ዶሮ ካሳደደ ግን የደከማችሁበት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ማንም በማይኖርበት ሰዓት ውሻውና ዶሮዎቹ ፈጽሞ አንድ ላይ አይዋሉ። ከጓሮው ጥግ በእሾህና በጭራሮ ለዶሮዎቹ አጥር ይጠሩላቸው፤ ውሻው በአጥሩ ማዶ ሆኖ በየቀኑ ቢያያቸው መላመዱን ያፋጥነዋል።

ቀን በደጃፍ ማሰሩን ግን ይተውት። አሁን እህሉ ተሰብስቦ በጎቹ በየማሳው በሚሰማሩበት ወቅት ከእረኛው ጋር አብሮ ይውረድ። የመጣበት ሥራ ይኸው ነው፤ ደክሞት የተመለሰ ውሻም ከዶሮ ጋር ለመራኮት ጉልበት አይተርፈውም።

ትንሹን ልጅዎን የጣለውም በክፋት አይመስለኝም፤ ይህን የሚያህል ውሻ ደስ ብሎት ሲዘል አዋቂንም ያንገዳግዳል። ቢሆንም ልጁ አዋቂ ሳይኖር ከውሻው ጋር ብቻውን አይተው፤ ምግብ ይዞ አይቅረበው፤ ውሻው ሲበላም ሆነ ሲተኛ አይንካው። ውሻው ሲዘልልዎ እርስዎም ፊትዎን አዙረው ዝም ይበሉት፤ አራቱንም እግሩን መሬት ሲያሳርፍ ብቻ ያሻሹት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዶ እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ አልወሰደ እንደሆነ በአካባቢዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ኬላ ጠይቀው አሁኑኑ ያስከትቡት፤ በየዓመቱም ይደገምለት። የእናንተም ሆነ የጎረቤት ውሻ ሰው ከነከሰ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥባችሁ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የዚህ በሽታ ምልክት ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለምና በባህል መድኃኒት ሙከራ ቀን አታሳልፉ።

ባለቤትዎን እስከ ሰኔ ድረስ እንዲታገሱዎ ይለምኑልኝ። በገመዱ በደንብ ሠርታችሁበት ክረምቱ ሲገባም ዶሮ ማሳደዱን ካልተወ፣ አይግደሉት፤ ከሰው ርቆም አይጣሉት። በጮቄ ተዳፋት ላይ ብዙ በግና ጥቂት ዶሮ ያለው፣ በጅብ የተማረረ ገበሬ አይጠፋምና ለእንደዚያ ያለ ሰው ይስጡት፤ ሲሰጡትም ዶሮ እንደሚያሳድድ ሳይደብቁ ይንገሩት።