ጥያቄና መልስ፦ ኢንፍሉዌንዛ ካርድ ላይ ሲጻፍ፣ ኮድ ሲሰጠው

ከአዲስ አበባ ዳርና ዙሪያ ካሉ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነሆ። ኮዶቹ የአይሲዲ 10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ዝርዝር) ናቸው።

ከኮዬ ፈጬ፣ ጤና መኮንን፦ ክሊኒካችን የኢንፍሉዌንዛ መመርመሪያ የለውም። በምልክት ብቻ «ኢንፍሉዌንዛ» ብዬ ብጽፍ ጄ10 ነው ጄ11?

ጄ11.1 ነው፤ ቫይረሱ ያልተለየና የሳንባ ምች የሌለበት ኢንፍሉዌንዛ ማለት ነው። ጄ10 ቫይረሱ በላብራቶሪ ሲለይ ብቻ የሚሰጥ ነው። ግን ለውሳኔ ያበቃዎትን ነገር ካርዱ ላይ ያስፍሩት። የዓለም ጤና ድርጅት የቅኝት (የበሽታ ክትትል) መስፈርት በቴርሞሜትር የተለካ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ሳል፣ እንዲሁም ባለፉት 10 ቀናት ውስጥ የጀመረ ሕመም ይላል። «ሰውነቱ ይሞቃል» ልኬት አይደለም። «38.7፣ ሳል፣ ከጀመረው 2 ቀን» በቂ ነው፤ አንድ መስመር አይሞላም። ትኩሳት ሳይኖር አፍንጫው ብቻ የሚፈስ ጉንፋን ከሆነ ጄ00 ይበቃዋል።

አንዳንዶች «?ኢንፍሉዌንዛ» ብለው የጥያቄ ምልክት ያስቀድማሉ። በአይሲዲ 10 ደንብ ግን ሌላ ማብራሪያ ከሌለ የተጠረጠረው በሽታ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል፤ የጥያቄ ምልክቷ አታድንዎትም። ኢንተርኔት ላይ ተቃራኒውን ካነበቡ፣ ያ አሜሪካኖች ለተመላላሽ ታካሚ የሚጠቀሙበት ደንብ ነው። ካልወሰኑ «ትኩሳትና ሳል» ብለው ይተዉት።

ከየካ አባዶ፣ ነርስ፦ ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ ሆኖ ሐኪሙ ኢንፍሉዌንዛ ነው ብሏል። ስህተት ነው?

አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ ብዙ ሕሙማንን ያመልጠዋል፤ በተለይ ናሙናው ሕመሙ ከጀመረ ከ4 ቀን በኋላ ከተወሰደ። «ፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ፤ በምልክት ኢንፍሉዌንዛ» ተብሎ ይጻፍ፤ ኮዱ ጄ11.1 ይሆናል። ፖዘቲቭ ከሆነ ጄ10.1 ነው። ይህ ኮድ የቫይረሱን ዓይነቶች ኤ እና ቢን ስለማይለይ ዓይነቱ ካርዱ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ ጠፍቶ ይቀራል። የሳንባ ምች ካለበት ደግሞ «በኢንፍሉዌንዛ የመጣ» ብሎ ማያያዝ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሁለቱ በተለያየ መስመር ከተጻፉ ጄ11.1 እና ጄ18.9 (መንስኤው ያልተገለጸ የሳንባ ምች) ተብለው ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ትክክለኛው ጄ11.0 (ቫይረሱ ከተለየ ጄ10.0) ነበር።

ከቱሉ ዲምቱ፣ ካርድ ክፍል፦ የካርዱና የላብራቶሪው ወረቀት ቀን አይገጥምም።

ካርዱ በእኛ፣ ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። «5/5/18» ለእኛ ጥር 5 ቀን 2018 ነው፤ ለሌላው ሜይ 5 ቀን 2018። ትክክለኛው አቻ ጃንዋሪ 13 ቀን 2026 ነው። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፉ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አይቅር። ከሁሉ በላይ የመጣበትን ቀን ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ለይተው ያስፍሩ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒቱ ኦሴልታሚቪር ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ሪፈር የተቀበለው ሐኪም ይህን የሚያሰላው ከእርስዎ ጽሑፍ ተነስቶ ነው።

ከለቡ፣ ኮድ ሰጪ፦ «ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ ኒሞኒያ» ጄ10.0 ነው?

አይደለም። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ ስሙ ቢመሳሰልም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ለሚያመጣው የሳንባ ምች (ኒሞኒያ) ጄ14 ይስጡት። ኮምፒውተሩ ላይ «ኢንፍሉዌንዛ» ብለው ፈልገው የመጀመሪያውን መምረጥ የሚያመጣው ጣጣ ነው።

ከሰንዳፋ፣ ጤና መኮንን፦ ዶሮ አርቢ ነው፤ ዶሮዎቹ አልቀውበታል፤ እሱም በትኩሳትና በሳል ታሟል። ጄ09 ልስጠው?

ገና ነው። ጄ09 የሚሰጠው የእንስሳት ወይም የወረርሽኝ ቫይረስ መሆኑ በላብራቶሪ ሲለይ ነው። ኮዱ ይቆይ፤ ስልኩ ግን አይቆይም። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ጥርጣሬ ወዲያው ሪፖርት የሚደረግ ስለሆነ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይደውሉ፤ ለታካሚው ማስክ ይስጡትና ለብቻው ያስቀምጡት። ካርዱ ላይ ዶሮዎቹ መሞት የጀመሩበትንና እሱ ለመጨረሻ ጊዜ የነካቸውን ቀን ይጻፉ።