ለሌሊት አንባቢዎች

ይድረስ ከእናት ከአባታችሁ ተደብቃችሁ አስፈሪ ታሪክ ለምታነቡ ልጆች።

ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ባሕር ዳር በነርስነት ነው። አብዛኛውን አዳር እየገባሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ ግን ዛሬም ሲስተር ነው የምባለው። መጽሐፍ ስለማውስ ልጆች ቤቴ አይጠፉም። መደርደሪያዬ ላይ የአስፈሪ አጫጭር ልቦለዶች መድብል ሲያዩ ይገረማሉ። «ሲስተር፣ እርስዎ ደግሞ ይሄን ያነባሉ?» ይሉኛል። ከዳዊት ሌላ የማነብ አይመስላቸውም መሰለኝ። አነባለሁ። እናንተም አንብቡ። «ይሄን እያነበብክ ነው የምትቃዠው» ለሚሏችሁ ወላጆች መልሱን እኔ እሰጥላችኋለሁ። ግን አነባበቡም አጻጻፉም ላይ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ፣ አጭሩን ምረጡ። ረጅም አስፈሪ ልቦለድ ብዙም አይሆንልኝም። መንፈሱ መቶኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቤተኛ ይሆናል። መጀመሪያ በር ሲያንኳኳ ያስደነገጠን፣ ኋላ ገብቶ ቡና ቢጠጣም አይገርመንም። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 አጭር ልቦለድ አንዴ ቁጭ ከተባለ ሳይነሱ የሚያልቅ መሆን አለበት ብሎ ጽፏል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ነው የሰጠው። አንባቢው መሃል ላይ ከተነሳ የራሱ ጣጣ ይገባበታል፤ ደራሲው የደገሰለት ስሜትም ይበተናል።

ይሄ ነገር አዳር ላይ ነው የገባኝ። በሁለት ዙር መካከል ያለው ጊዜ ለአንድ ታሪክ ይበቃል። ሙቀት ለክቼ፣ ጉሉኮሱን አይቼ ቁጭ እላለሁ። ታሪኩ ሲያልቅ አንዱ አስታማሚ ይጠራኛል። ተነስቼ ስሄድ ኮሪደሩ ትንሽ ይረዝምብኛል። ሥራ አለብኝና እሄዳለሁ። ፍርሃቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ረጅሙ ግን እንዲህ አይለቅም፤ ታማሚው አጠገብ ቆማችሁም ምዕራፍ 9 ያንዣብብባችኋል።

አጭር ታሪክ የሚያስፈራው ማብራሪያ ስለሌለው ነው። አንድ ላሳያችሁ፣ የራሴ ነው። ሰውዬው እንጨቱን ገበያ አራግፎ በደንገል ታንኳ ወደ ዘጌ ይመለሳል። መሽቷል። ብቻውን ነው። በባዶ ታንኳ መቅዘፍ ቀላል ነበር፤ ዛሬ ግን ክንዱ ዛለ። ዝቅ ብሎ ሲያይ ውሃው ደንገሉን አልፎ ከፍ ብሏል። ታንኳው ሁለት ሰው እንደጫነ ያህል ሰጥሟል። ሰውዬው ወደ ኋላ አይዞርም። ይቀዝፋል። አለቀ። ከኋላው የተቀመጠው ማን እንደሆነ ከነገርኳችሁ ታሪኩ ሞተ። ባለፈው ዓመት የሰጠመ ወንድሙ ነው ብል ታዝኑለታላችሁ እንጂ አትፈሩም።

ጣና ላይ ባለው ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት አጽም አለ። እነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እነ ዐፄ ፋሲል በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳሉ ይታያሉ። እኔ አላየሁም፤ ሴት ወደዚያ ደሴት አትገባም። ወንዶቹ አይተው ሲመለሱ ይነግሩኛል። እነሱ አይተው ረስተውታል። እኔ ግን ስላላየሁት እስከ ዛሬ ይታየኛል። አስፈሪ ታሪክ የምትጽፉ ልጆች ይህቺን ያዙልኝ።

ደሙን ደግሞ ቀንሱት እባካችሁ። የምታመጡልኝ ረቂቅ ደም በደም ነው። ደም ስንት ዘመን አጥቤያለሁ፤ ያስቸኩላል እንጂ አያስፈራም። የሚያስፈራውን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ሰው ዐረፈብን። አስከሬኑ ወጣ፣ አንሶላው ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ኮመዲኖው ውስጥ ስልክ ጠራ። መሳቢያውን ስከፍተው «እማ» ይላል። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። እንደገና ጠራ። እኛ ተረኞቹ ተያየን። አንድ ጠብታ ደም የለበትም፤ ከዚያ ሌሊት የበለጠ ግን ያስፈራኝ የለም።

የፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ፣ አስፈሪ አጭር ታሪክን። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሂዱና ግድግዳውን እዩ። ሰው በላው በላዔ ሰብእ እዚያ ተስሏል። ታሪኩ ከተአምረ ማርያም ነው። ተአምር እንጂ ልቦለድ አይደለም፤ የሃይማኖቱን ነገር ለመሪጌቶቹ ትቼዋለሁ። አተራረኩን ግን ልብ በሉ። ሰውዬው መጀመሪያ ደግ ነው፣ እንግዳ ተቀባይ ነው። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል ይመጣበታል፤ ልጁን አርዶ እንዲያቀርብ ያደርገዋል። ከዚያ ማቆም አይችልም። የበላው ሰው 78 ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ይሰጣል። ሚዛን ላይ 78 ነፍስ በአንድ በኩል፣ ጥርኝ ውሃ በሌላ በኩል። ምን ያህል አጭር እንደሆነ አያችሁ? የሚያስፈራው ቁጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ደግ መሆኑ ነው። እኛም እንግዳ እንቀበላለንና። ተአምረ ማርያም ራሱ እኮ አንድ በአንድ የሚነበብ የአጫጭር ታሪክ ስብስብ ነው። እኛ አገር ለመድብል ማንም እንግዳ አይደለም።

የመድብል ሌላው ጥቅም አንዱ ባይጥም ሌላው መኖሩ ነው። በአንድ ሌሊት ግን አትጨርሱት። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ጆሯችሁ ይለምደዋል፤ ጥፋቱ የደራሲው ይመስላችኋል። ለሌሊት አንድ፣ ሲበዛ ሁለት። አስፈሪ ታሪክ እንደ መድኃኒት ነው፤ በአንዴ መዋጥ ሳይሆን በሰዓቱ ነው።

ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ቻርጁ እስኪያልቅ ቲክቶክ። እ.ኤ.አ. በ1816 ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ጥቂት ወጣቶችን ዝናብ ቤት ዘጋባቸው። በጋ ነበር፤ ግን ዓመት ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩን ሁሉ አዛብቶት ነበር። እጃቸው ላይ ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰ የመናፍስት ታሪኮች መድብል ነበር። እሱን ሲያነቡ ገጣሚው ባይረን ሁላችንም አንድ አንድ እንጻፍ የሚል ሐሳብ አመጣ። ኋላ ሜሪ ሼሊ ተብላ የታወቀችው ልጅ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ጨዋታ የተነሳው ፍራንከንስታይን በ1818 ታተመ። አብሯቸው የነበረው ወጣት ሐኪም ፖሊዶሪም የቫምፓየር ታሪክ ጻፈ፤ በ1819 ወጣ። (ከኛ ሙያ መሆኑ ደስ ይለኛል።) ሐይቅ እኛም አለን። ዝናብም አለ። መብራት መጥፋቱን ተዉት። አንዳችሁ ሻማ ይዛችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሌሎቻችሁ አድምጡ።

አሁን ቆጣ ወደምልበት ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ቡዳ ትጽፋላችሁ። ቀን ሸክላ ሠሪ፣ ማታ ጅብ። አጻጻፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ያቺ ሴትዮ አለች እኮ። ቅዳሜ ገበያ ጀበና ትሸጥላችኋለች። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በዚህ ስም ስንት ዘመን ተገልሏል። ደንገሉን አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎችም ጉማሬ ይበላሉ እየተባሉ ከጎረቤት ማዕድ ተለይተው ኖረዋል። እኔ ደግሞ የነገሩን ሌላ ጫፍ አይቻለሁ። ወባ የያዘው ልጅ ሲቃዥ ቤተሰቡ ቡዳ በላው ይላል። ጭስ ያጥኑታል። «ማን በላህ?» እያሉ ይጠይቁታል። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ፣ ራሱን ስቶ እኛ ጋ ሲደርስ አንዳንዴ ይረፍዳል።

ታዲያ ምን እንጻፍ አትበሉኝ። ያንን ክፍል ጻፉት። ልጁ ተኝቷል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ ዘመድ ከቦ «ተናገር፣ ማን በላህ?» ይላል። ልጁ ስም እስኪጠራ ሁሉም ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ደጅ ላይ ደግሞ ጎረቤቲቱ ወተት ይዛ ልትጠይቀው መጥታለች። ስሟ ሲጠራ ትሰማለች። ይሄ አያስፈራም?

ለዛሬ ይብቃኝ። መጽሐፍ የምትዋሱ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነኝ። የወሰዳችሁትን ግን መልሱ። ሁለት መድብል ወጥቶ ቀርቷል። ማን ጋ እንዳለም አውቃለሁ።