ውሾቻችንን የምንፈታበት ቦታ ብናጥር ሕጉ ምን ይለናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የባሕር ዳር፣ የሽምብጥ አካባቢ ነዋሪ ናቸው። በሰፈራቸው 11 ጎረቤታሞች ውሻ አላቸው። ውሾቹ ቀን ታስረው ይውላሉ፣ ማታ ጠባብ ግቢ ውስጥ ይፈታሉ። ወደ ሐይቁ በኩል ክፍት ቦታ አለ። «ገንዘብ አዋጥተን ቦታውን በሽቦ አጥረን፣ ጠዋት ጠዋት ውሾቹን ፈተን ብናሯሩጣቸው ፈቃድ ያስፈልገናል? ውሻ ሰው ቢነክስ ማን ይጠየቃል? አንድ ጎረቤታችን አይሆንም ብለዋል፤ ሊከለክሉን ይችላሉ?» ይላሉ።

ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ያሳዝናል፤ ቁጡም ይሆናል። ግን ሽቦውን ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ንክሻው እንነጋገር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 ላይ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ አስቀምጦታል። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም ኃላፊ ነው። ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ባይገመትም ኃላፊ ነው። ብዙ ሰው ቢሮዬ መጥቶ «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው እኮ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ሰንሰለቱን በፌስታል ይዞ መጥቶ የተበጠሰችውን ቀለበት ያሳየኝም አለ። አዘንኩለት፤ ግን ያቺ ቀለበት ከካሳ አላዳነችውም። ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ቢል አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ተጎጂው ራሱ ማጥፋቱን ማስረዳት ነው (ቁጥር 2086)።

ስለዚህ አጥሩ ኃላፊነታችሁን አያነሳላችሁም። እያንዳንዱ ባለቤት ለየራሱ ውሻ ይጠየቃል። «እዚህ ለሚደርስ ጉዳት አንጠየቅም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ብትለጥፉም፣ በዚያ የሚያልፈው ሰው አልፈረመበትም።

ውሻውን ማን ይዞት እንደሚመጣም አስቡበት። በቁጥር 2072 መሠረት ውሻውን ተውሶም ሆነ ሊጠብቅ ተረክቦ የያዘ ሰው፣ በእጁ እያለ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ዘበኛዎ ይዞት ከመጣ ግን እሱ ሠራተኛዎ ነው፤ ዕዳው የእርስዎ ነው። የጎረቤትዎን ውሻ «አብሬ ላናፍስልህ» ብለው ከወሰዱ ደግሞ እርስዎም ተጠያቂ ይሆናሉ። ተጎጂው ክሱን በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። ቸልተኝነት ካለ በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ከካሳው በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መትረፍ የለም ማለት ይቻላል። እባካችሁ፣ የዘንድሮ የክትባት ወረቀት የሌለው ውሻ በሩን እንዳያልፍ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ስለ ካሳ ከዚያ በኋላ ይወራል።

አሁን ወደ ቦታው። ክፍት ስለሆነ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያለ ፈቃድ ብታጥሩ ያፈርሱባችኋል። በክፍለ ከተማችሁ በኩል ለከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ አመልክቱ። የቦታውን ንድፍ፣ የባለውሾቹን ስም ዝርዝርና የተስማማችሁበትን ደንብ አያይዙ። አንድ ኃላፊ በቃል «ችግር የለውም፣ ጀምሩ» ቢሏችሁ አትጀምሩ። እሳቸው ሲቀየሩ ቃላቸውም አብሮ ይሄዳል።

የሐይቁ ዳር ግን ይቅርባችሁ። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ ደንገሉ ውስጥ ወፎች ይራባሉ። ጉማሬም ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣና ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። የተፈታ ውሻ እዚያ መንገድ ላይ እንዲያገኘው አልመኝም። ከውሃው ራቅ ያለ ቦታ ጠይቁ።

የጎረቤታችሁ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። «አልፈልግም» ስላሉ ብቻ መከልከል አይችሉም። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለይዞታ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅና መጥፎ ሽታ ወደ ጎረቤቱ እንዳያደርስ ያዛል፤ መንፈሱ ለእናንተም ይሠራል። 11 ውሾች ባንድ ላይ ሲጮኹ አስቡት! እኔ ብሆን ማመልከቻው ሳይገባ ቤታቸው ሄጄ የፈሩትን እጠይቃቸው ነበር። ምናልባት የሚፈሩት ለልጅ ልጃቸው ይሆናል። ምናልባት ንጋት ላይ ከኪዳን ሲመለሱ ውሻ አስደንግጧቸው ያውቃል። እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ማሸጋገር ይቻላል። በሩም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። መቀርቀሪያ ግዙለት፣ በሽቦ ጠምዝዛችሁ አትዝጉት።

በሉ እንግዲህ፣ መጀመሪያ የ11ዱንም ውሾች የክትባት ወረቀት ሰብስቡ። የአንዱ እንኳ ከጎደለ ማመልከቻው ይቆይ።