ሞዴል መርከብ ጣውላ ሲለብስ በምን ይያዝ? ጥያቄና መልስ

የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የእንጨት ሞዴል መርከቡ አጽም ተገጣጥሟል። ጣውላ ማልበስ፣ ማለትም አጽሙን በስስ ረጃጅም እንጨቶች መሸፈን፣ ሊጀመር ነው። መርከቡ ግን ጠረጴዛው ላይ አልረጋ ብሏል። እንድንግባባ ያህል፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ የሚሄደውን የታችኛውን እንጨት ጀርባ አጥንት፣ በሱ ላይ ተሻግረው የሚቆሙትን ደግሞ ጎድን እላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሞርሳ (በሁለት መንጋጋ ነክሶ የሚይዝ የብረት መሣሪያ) አለኝ። ጀርባ አጥንቱን በሱ ነክሼ ብሠራ አይበቃም?

መልስ፦ ለላይኞቹ ረድፎች ይበቃል። ግን ሁለት ነገር አስተውል። ጀርባ አጥንቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚወፍረው። የሞርሳ ብረት ያቆስለዋል። ስለዚህ መንጋጋዎቹ ላይ ቆዳ ወይም ቡሽ ለጥፍባቸው። ሁለተኛ፣ ሞርሳ የሚይዘው መሀሉን ብቻ ነው። አፍንጫው ላይ ጣውላ ስትጫን ጭራው ይነሳል። ለዚህ ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም እንጨቶች ውሰድ። ጀርባ አጥንቱን ግራና ቀኝ አቅፈው ይያዙት፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ንከሳቸው። ያኔ በርዝመቱ ሙሉ ተያዘ ማለት ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው መያዣም በዚሁ መንገድ ነው የሚነክሰው፤ ትርፉ እንደፈለግከው ማዘንበሉ ነው። ካለህ ጥሩ ነው፣ ከሌለህም አትቆጭ።

ጥያቄ፦ እኛ ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። ባለቤቴ በእጁ ይይዝልኛል፣ እኔ እለጥፋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ለትዳሩ ሊኖረው ይችላል። ለትንሽ ጀልባ እጅ ይበቃል። ከፍ ላለ መርከብ ግን አይሆንም። ነጭ የእንጨት ኮላ እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ደግሞ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። እሱን ጣውላ መቁረጥ ላይ አሰማሪው፣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንዱን ጎን አራት ረድፍ አልብሼ ሳየው ጀርባ አጥንቱ ጎብጧል። መያዣዬ ጠንካራ ነበር። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የመያዣውን ጥንካሬ ሲያይ ዋናውን ነገር ይረሳል። መያዣህ መርከቡ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይከለክላል። የጣውላውን ጉልበት ግን አይችለውም። የታጠፈ ጣውላ ሁሉ ወደ ቀጥታው መመለስ ይፈልጋል። ኮላውም ውሃ አለው፤ እንጨቱን ያብጠዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይስበዋል። አራቱም አንድ ጎን ላይ ሲሆኑ አጽሙን ይዘውት ይሄዳሉ።

ስለዚህ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ እያልክ በጥንድ ሂድ። ጣውላውን ውሃ ውስጥ ከዘፈዘፍከው መጀመሪያ ቅርጹ ላይ አስረህ አድርቀው፣ ኮላ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥቡን ከለጠፍከው ሲደርቅ ጠቦ ክፍተት ይተውልሃል። አፍንጫና ጭራው አካባቢ በጎድኖቹ መሀል ለስላሳ እንጨት ሙላ። አጽሙም ይጠነክራል፣ ለጣውላውም ሰፋ ያለ መለጠፊያ ይሆናል።

መቆጣጠሪያው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጎድን አናት ላይ መሀሉን በእርሳስ ምልክት አድርግ። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ክር ወጥር። ክሩ በምልክቶቹ ሁሉ ላይ ካለፈ ሰላም ነው። አንዱን እንኳ ከሳተ ቀጣዩን ጥንድ አትለጥፍ።

የጎበጠውስ? በነጭ ኮላ ከሆነ የለጠፍከው ይድናል። መገጣጠሚያውን ንጹሕ አልኮል በብሩሽ እየቀባህ ጠብቅ፣ ኮላው ይለሰልሳል። በስስ ቢላ ቀስ ብለህ አላቅቀው። መስኮቱን ክፈት፣ እሳትም አጠገብህ አይኑር።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ለሚቆምበት ማሳያ የብሎን ቀዳዳ ያስፈልጋል። መቼ ልብሳው?

መልስ፦ አሁን፣ ጣውላ ሳይለብስ። ጀርባ አጥንቱን ከታች ወደ ላይ ሁለት ቦታ ብሳ። በውስጥ በኩል ግራና ቀኝ እንጨት ለጥፈህ አጠንክረውና ዳዶውን፣ ብሎኑ የሚጠብቅበትን ብረት፣ እዚያው ቅበረው። መርከቡ ከተዘጋ በኋላ ዳዶ ወደ ውስጥ የምታስገባበት መንገድ የለም። ጥቅሙ ደግሞ ለማሳያው ብቻ አይደለም፤ እነዚያው ብሎኖች የሥራ መያዣም ይሆኑሃል።

ጥያቄ፦ ወደ ታች ስወርድ መያዣው ራሱ ጣውላው የሚገባበትን ቦታ ይዞብኛል።

መልስ፦ ገልብጠው። እስከ መጨረሻው በአንድ መያዣ የሚለበስ መርከብ የለም። ከላይ ስትጀምር ከታች ትይዘዋለህ፣ ወደ ጀርባ አጥንቱ ስትቀርብ ከላይ። ሁለት ወፍራም ስፖንጆች በመርከቡ ቅርጽ ቁረጥና ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለጥፋቸው፣ መርከቡ ጀርባ አጥንቱን ወደ ላይ አድርጎ እዚያ ይተኛል። ስፖንጁን በላስቲክ ከረጢት ሸፍነው፣ ካልሆነ ኮላ ይዞት ይቀራል። ከአናት ላይ ወጣ ወጣ ያሉት የጎድን ጫፎች ቀጭን ናቸው፤ ክብደቱ እነሱ ላይ እንዳያርፍ።

ጥያቄ፦ ጣውላውን ራሱን ለመያዝ የልብስ መቆንጠጫ ወይስ ሚስማር?

መልስ፦ መቆንጠጫ በደረሰበት ሁሉ መቆንጠጫ። ካልደረሰ ትንሽ ሚስማር ከጣውላው ጠርዝ አጠገብ ጎድኑ ላይ ምታ፣ የሚስማሩ ራስ ጣውላውን ይጫነው። ጣውላውን መሀል ለመሀል ከበሳኸው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የእኔ ከአንድ ግንድ የሚጠረብ ነው፣ አጽም የለውም።

መልስ፦ ተገላገልክ። መርከቡ አናት ላይ ቁራጭ እንጨት በብሎን እሰርና ቁራጩን በሞርሳ ንከስ። ቀዳዳው በኋላ በወለሉ ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ይንሸራተታል።

መልስ፦ ቀድሞ ዳዶ የቀበረ ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። መርከቡን ወፍራም እንጨት ላይ በብሎኖቹ አስሮ እንጨቱን ሞርሳ ውስጥ ያስገባል፣ ሁለት እጁም ነጻ ነው። ያልቀበርክ ከሆነ የጨርቅ ከረጢት ደረቅ አሸዋ ሙላና መርከቡን እላዩ ላይ አስተኛው። ከረጢቱ ራሱ ቅርጹን ይይዛል። አሸዋ እንዳይረግፍ በደንብ ስፋው። ወረቀቱን ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ጠቅልለህ በርዝመቱ ሂድ፤ ጎድኖቹ ላይ ቆም አትበል፣ ጣውላው እዚያ ቶሎ ይሳሳል።