ለፋሲካ ህፃናት ማሳደጊያ ለመሄድ ላሰባችሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆናችሁ ብር አዋጥታችኋል፣ ለፋሲካ አንድ ህፃናት ማሳደጊያ ሄዳችሁ ዳቦ ልትቆርሱ፣ ከልጆቹ ጋር ልትውሉና ግድግዳ ልትቀቡ አስባችኋል፤ ምን ይዘን እንሂድ ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ ማሳደጊያ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሞግዚት ነበርኩ፣ በኋላ የዕቃ ክፍሉን ያዝኩ። የገባውንም የጎደለውንም ስመዘግብ ስለኖርኩ በዚያ በኩል ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ፋሲካን ተዉት። በዓል ላይ ሰው አይጠፋም። በአንድ ቀን ሦስት ቡድን ይመጣል፣ ሦስት ድፎ ይቆረሳል፣ ሦስቴ ይጨፈራል፣ ለስላሳው ይወርዳል፣ ማታ ሞግዚቷ የሚያስመልሰው ልጅ ታቅፋ ታድራለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ግቢ ናቸው፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ እህል የሚወደደው ያኔ ነው፣ ጣሪያ የሚያፈሰውም ያኔ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቂው ከሆነ ደግሞ፣ አልጋ ላይ የሚሸኑ ትንንሾች ባሉበት ቤት ክረምት ምን እንደሚመስል አስቢው። የታጠበ ብርድ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። ከተማው በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀ ሆኖ እኛን ዘወትር የሚያጥረን ብርድ ልብስ ነበር! ከረሜላ ሞልቶ ለፍራሽ የሚሆን ላስቲክ የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቀኑን ውሎ ልንገርሽ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ራስሽ ታይዋለሽ። ገና ሳይነጋ ምጣዱ ይሞቃል። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ትንንሾቹን ይቀሰቅሳሉ፣ ፊት ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ (ይሄ ነገር ሲያዩት ደስ ይላል፣ ግን ራሷ ያልጠገበች ልጅ የሌላ ልጅ እናት መሆኗን ሳስብ ሁሌም ይከነክነኛል)። ሻይ በዳቦ ተበልቶ ትምህርት ቤት ይኬዳል። ቀን ላይ ልብስ ይታጠባል፣ በእጅ። ሲመለሱ የቤት ሥራ በምግብ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ መብራት ካለ። ቅዳሜ የፀጉርና የጥፍር ቀን ነው፤ ወንዶቹ ይላጫሉ፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ሹሩባ እየተሠሩ ሲያወሩ የሚውሉት ወሬ ማለቂያ የለውም። እኔ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ቅዳሜን ነበር የምወደው።

ስለዚህ ይዛችሁ የምትሄዱት ሳሙና፣ ኦሞ፣ ቅባት፣ ማበጠሪያና በየዕድሜው የሚሆን አዲስ የውስጥ ልብስ ነው። ሞዴስም ጨምሩ። ሞዴስ የሚያመጣ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ሰው ማሳደጊያ ሲባል በዓይኑ የሚመጣው የሦስት ዓመት ሕፃን ስለሆነ የ14 ዓመቷ ትረሳለች። ያገለገለ ልብስ የምትሰጡ ከሆነ ቁልፉ የወለቀውን፣ ዚፑ የተበላሸውን እቤታችሁ አስቀሩት። እሱን መለየት ለኛ ሥራ ነው።

ከልጆቹ ጋር መዋሉን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ ነው። ስትገቡ ትንንሾቹ ሮጠው እግራችሁ ላይ ይጠመጠማሉ፣ አንዳንዱ «እማዬ» ይልሻል። እንግዳ ይሄን ሲያይ ያለቅሳል፣ «እንዴት ቢወዱን ነው» ይላል። መውደድ አይደለም። ሞግዚት በፈረቃ የምትቀያየርበት፣ ደሞዙ አንሷት በየጊዜው የምትለቅበት ቤት ያደገ ልጅ ማንም እጁን ለዘረጋለት ይሄዳል። «በቅርቡ ተመልሼ እመጣለሁ» የምትለዋን ቃል የማትጠብቋት ከሆነ አትናገሯት፤ እናንተ መኪና ውስጥ ሳትገቡ ትረሷታላችሁ፣ እሱ ግን በር በሩን ሲያይ ይከርማል። እናትህ የት ናት፣ አባትሽ በምን ሞተ ብሎ መጠየቅም ይቅር። ፎቶ አንሥቶ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብም። ነገ አድጎ ሥራ ሲቀጠር ያ ፎቶ ይከተለዋል።

አሁን ወደ ፕሮጀክቱ። ቀለም አትቀቡ። የሚቀባ ሰው እዚያው ሰፈር አለ፣ ሥራም ይፈልጋል። እኔ ባለሁበት ጊዜ ብዙ ዓይነት ነገር ተሞክሯል። ዶሮ እርባታ ነበር፣ ለጋሾቹ ቤቱን ሠርተው ጫጩት አስገብተው ሪባን ቆርጠው ሄዱ፣ ክትባቱን ማን እንደሚከታተል የተነጋገረ አልነበረም፤ ፈንግል ገብቶ ጨረሳቸው። ዳቦ ቤቱ ግን ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። ምክንያቱ ምድጃው ጥሩ ስለሆነ አይደለም፣ ደሞዝ የሚከፈለው ዳቦ ጋጋሪ ስለተቀጠረለትና ዳቦው ለሰፈሩም ስለሚሸጥ ነው። ዱቄት ሲወደድ ተንገዳግዷል፣ ያም ሆኖ ልጆቹ ቁርስ አላጡም። ከሁሉ የወደድኩት ግን ሮቶው ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ትልቅ ሮቶ ተተከለ፣ አንዱ ቧንቧ ሆን ተብሎ ከአጥሩ ውጭ ወጣ። የሰፈሩ እናቶች ጀሪካን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ሲሰለፉ ከዘበኛው ጋር ያወራሉ፣ ልጆቹን በስም ይጠራሉ፣ ለቅሶና ሠርግ ሲኖር ይነግሩናል። የማጠናከሪያ ትምህርቱም እንደዚሁ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑ ነበር፣ የጎረቤት ልጆችም እንዲገቡ ከተፈቀደ በኋላ የኛዎቹ ክፍል ውስጥ ጓደኛ አገኙ። አጥሩ ውስጥ ብቻ የቀረ ነገር ልጁን ይበልጥ ከሰፈሩ ይለየዋል።

ሌላም ልጨምር፣ የማይወደድ ሐሳብ ነው። ብዙዎቹ ልጆች አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ ወንድም አላቸው። እዚያ የመጡት ፍቅር ጠፍቶ ሳይሆን እህል ጠፍቶ ነው። በ2001 የወጣው የመንግሥት የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው ይላል፤ ቅድሚያ ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት፣ ካልሆነም አደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ወስዶ የሚያሳድግ ቤተሰብ) እና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ። በ2010 ደግሞ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቀርቷል። እንግዲህ ልጁ ወይ እዚሁ አገር ቤተሰብ ያገኛል ወይ 18 ዓመት እስኪሞላው ግቢ ውስጥ ይቆያል። ካዋጣችሁት ብር ከፊሉ ለአንዲት አክስት የጉሊት መነሻ ቢሆን ልጁን ከማሳደጊያው ይዛ ልትወጣ ትችላለች። የማሳደጊያውን ሶሻል ወርከር ጠይቁ፣ እንደዚህ ዓይነቱን ቤተሰብ በስም ያውቃል። በቀጥታ እጅ በእጅ አትስጡ፣ በእነሱ በኩል ይሁን።

የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን አስቢ። በ1972 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው ከረሃቡ መሃል ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፣ ቤተሰብ ሲቃወማቸው ቤታቸውን ትተው ወጡ፣ ከዚያ ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ ነው ልጆቹን ያሳደጉት። ድርጅታቸው ሲያድግም ልጆች ከመያዝ አልፎ እናቶችን ሙያ እያስተማረ ገቢ እንዲያገኙ ያደርግ ነበር። ሥራው ያለው ከበሩ ውጭም እንደሆነ ቀድመው ያወቁ ሴት ነበሩ።

ስለዚህ አሁኑኑ ደውሉና ሥራ አስኪያጁን ብቻ ሳይሆን የሞግዚቶቹን ኃላፊ አነጋግሩ። «ባለፈው ወር ምን አለቀባችሁ?» በሏት። ወደ ማታ አትደውሉ፣ የገላ ሰዓት ነው፣ ማንም ስልክ አያነሳላችሁም። ብሩን በአንዴ ከምታወጡት ለክረምቱ ሁለት ወር ከፋፍላችሁ ያዙ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ተጠሪ ይሁንና ሁልጊዜ እሱ ይደውል። ለነገሩ ስንት ናችሁ? ከመካከላችሁ የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ካለ ንገሪኝ፣ አንድ የማውቀው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተሰጥቶት ገመዱን የሚዘረጋ አጥቶ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።