ነቀዝ ላጥና ወይስ ባንክ ልግባ?

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በጎተራ በቆሎ ላይ በሚወጣ ነቀዝ ነው፤ ሥራውን በጣም ወደድኩት። አዲስ ዝርያ እያገኙ ስም የሚያወጡ ሰዎች እንዳሉ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። እናቴ «ነቀዝ ለመልቀም ነው ያስተማርኩሽ?» ትለኛለች። አሁን ደግሞ የባንክ ሥራ ተገኝቶልኛል። ምን ይሻለኛል? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የባንኩን ሥራ ያዢው። ነቀዙንም አትልቀቂ። ዛሬውኑ አንዱን ካልመረጥኩ ብለሽ አትጨነቂ።

«ነቀዝ የሚለይ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ አታገኚም። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ የሚበሉት በሌላ መደብ ነው። መምህር ናቸው፣ የሙዚየም ባልደረባ ናቸው፣ የዕፅዋት ኳራንቲን ወይም የተባይ ምርምር ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ ስታመለክቺ «የጎተራና የቡና ተባይ እለያለሁ» ብለሽ ጻፊ እንጂ «ነቀዝ እወዳለሁ» አትበይ። ቡና ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የቡና ፍሬን የምትሰረስረው ትንሿ ጢንዚዛ ድሮ ለብቻዋ ቤተሰብ ተሰጥቷት ነበር። ዛሬ ባለሙያዎቹ የነቀዞች መለያ የሆነው ኩምቢ (ሾጥጦ የወጣው አፍ) እንኳ ሳይኖራት ከነቀዞች ቤተሰብ ይመድቧታል። ለጅማ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥራው ራሱ ግን ሞልቷል። ከነቀዝ ወገን (የጎተራውን ብቻ ማለቴ አይደለም) ስም የወጣላቸው ዝርያዎች 60 ሺህ ገደማ ናቸው። ያልወጣላቸው ከዚያ እንደሚበዙ ይገመታል። በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት ትሪጎኖፕቴረስ ከሚባሉት ነቀዞች ስም የነበረው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1885 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2019 ጀርመናዊው አሌክሳንደር ሪደልና ኢንዶኔዥያዊው ራደን ፕራሜሳ ናራኩሱሞ ለ103 አዲስ ዝርያዎች ባንድ ጊዜ ስም አወጡ። ነፍሳቱ ጥቃቅን ናቸው፤ መብረር ስለማይችሉ ካሉበት ጫካ ብዙም አይርቁም። መልካቸው ስለሚመሳሰል ዲኤንኤያቸውም ታይቷል። ከዚያ በፊት ሪደልና ሌሎች ባልደረቦቹ ለ101 የኒው ጊኒ ዝርያዎች ስም ሲያወጡ፣ ስም ቸግሯቸው የፓፑዋን የስልክ ማውጫ ገልጠው የቤተሰብ ስም መርጠዋል! ላንቺ አርአያ የሚሆንሽ ግን ጀርመናዊው ሳይሆን ኢንዶኔዥያዊው ይመስለኛል። በገዛ አገሩ፣ ቦጎር ባለው ሙዚየም ተቀምጦ ነው የሠራው።

እናትሽ «ምን ይጠቅማል?» ካሉ ይህን ንገሪያቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ሙንዳራ የሚባል ሐይቅ ሳልቪኒያ በተባለ ተንሳፋፊ አረም ተሸፍኖ ነበር። በ1980 ከብራዚል የመጣ ነቀዝ ለቀቁበት። ከዓመት ብዙም ሳይዘል አረሙ ድምጥማጡ ጠፋ። ሌላ ቦታ ከዚያ በፊት የተለቀቀው ነቀዝ ግን ምንም አልፈየደም ነበር። ሰዎቹ ሁለቱን አንድ ዝርያ አድርገው ነበር የሚያዩዋቸው። ልዩነታቸው በደንብ ሲመረመር የብራዚሉ አዲስ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም በ1985 ወጣለት። የእኛው እምቦጭም ጉዳይ እዚሁ ውስጥ አለ። በቪክቶሪያ ሐይቅ እምቦጭ እንዲበሉ የተለቀቁት ሁለት ነቀዞች ናቸው። አንደኛው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1970 ነው፤ በ1972 ፍሎሪዳ ላይ ተለቀቀ። ማንነቱን በደንብ ሳይለዩ ነፍሳት ወደ አገር ማስገባት አይገባም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ከጎተራ የሰበሰብሻቸው በእርግጥ አንድ ዝርያ ናቸው? የበቆሎ ነቀዝና የሩዝ ነቀዝ በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሏቸው። ወንዱን ወስደሽ ሆዱን ክፈቺና የመራቢያ አካሉን አውጪ። ሥጋው እንዲለቅ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ዘፍዝፊው። ከዚያ በግሊሰሪን ጠብታ ላይ አስቀምጠሽ በማይክሮስኮፕ እዪው። የበቆሎው ከላይ በኩል ቁመቱን ተከትለው የሚወርዱ ሁለት ቦዮች አሉት፤ የሩዙ ለጥ ያለ ነው። ይህን ደጋግመሽ ስትሠሪ እጅሽ ካልተንቀጠቀጠና ካልሰለቸሽ ለሙያው ተፈጥረሻል። ከሰለቸሽም ባንኩ አለልሽ፤ ምንም አይደል።

ቅዳሜና እሑድ ሰብስቢ። እያንዳንዷ ናሙና ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የተገኘችበት ተክልና የሰብሳቢዋ ስም ያለበት ወረቀት ትያዝ። ይህ ከሌላት የሞተች ነቀዝ ናት እንጂ ናሙና አይደለችም። ለዲኤንኤ የምትፈልጊያቸውን ጠንካራ አልኮል ውስጥ አስቀምጪ። ወደ ውጭ መላክ ሲመጣ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ጠይቂ። በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ እንዳትይ፣ ስምሽ ይበላሻል። ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽው ስምም ስም አይሆንም። መግለጫው በሥርዓቱ መታተም፣ ስሙን የምትሸከመው አንዷ ናሙናም ተለይታ መታወቅ አለባት፤ ቦታዋም ሙዚየም ነው።

ለማስተርስ በነፍሳት ሳይንስ ሐረማያን ወይም አዲስ አበባን እዪ። ቀጥሎ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል አፍሪካውያን የዶክትሬት ተማሪዎችን ያሠለጥናል፤ ነፍሳት የሚለይ የራሱ ክፍልም አለው። ስታመለክቺ «ነቀዝን በሙሉ» አትበይ፣ ማንም አያምንሽም። አንድ ትንሽ ወገን ያዢ፤ ለምሳሌ የስኳር ድንች ነቀዞችን።

እስከዚያው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም አጭር ደብዳቤ ጻፊና የናሙና መሳቢያዎቹን ለማየት ፈቃድ ጠይቂ። የሁለት ናሙና ፎቶ አያይዢበት፤ ከላይና ከጎን የተነሱ፣ በጎኑ ፎቶ ላይ አንቴናው ከኩምቢው የትኛው ቦታ ላይ እንደሚወጣ በደንብ የሚታይ ይሁን።